ጳጉሜን የማያውቅ ፎርሙላ

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሀብሩ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ነርሶቹ በእጃቸው የጻፉትን ወደ ኮምፒዩተር የምገለብጥ ዳታ ክለርክ ነኝ። የገጠሩ ሰው ግን ነጭ ጋወን ለብሶ በግቢው የሚንጎራደድ ሁሉ ሐኪም ስለሚመስለው “ዶክተር” ይለኛል። መጀመሪያ ላይ አስተካክል ነበር፣ ኋላ ተውኩት። ጋወኑንም ቢሆን ልበስ ያለኝ የለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነበር የምለብሰው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ወልድያ ላይ በተሰጠን ሥልጠና ነው። ወልድያ የተወለድኩባት ከተማ ስለሆነች እናቴ ቤት እያደርኩ፣ የእናቴን ሽሮ እየበላሁ ነበር የሠለጠንኩት። ሌሎቹ ከጠረጴዛ ሥር ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ አፌን ከፍቼ አዳምጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ለኤክሴል አንድ ሁኔታ በፎርሙላ ትሰጠዋለህ፤ ሁኔታው የተሟላበትን መስመር ራሱ ቀለም ይቀባልሃል። ከዓምዱ ፊደል ፊት የዶላር ምልክት ካስገባህለት ደግሞ አንዷን ሳጥን ብቻ ሳይሆን መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ያቀላዋል። አሠልጣኙ ያቺን ምልክት ጨምሮ ሲጫን፣ ነጭ የነበረው ሰንጠረዥ እዚህም እዚያም ቀይ መስመር አወጣ። እኔ ሳልነግረው የሚያስታውሰኝ፣ የማይረሳ፣ የማይደክመው አንድ ሠራተኛ የተቀጠረልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ወደ ሥራ ስመለስ የምቀባው ነገር ፍለጋ ገባሁ። ብዙም አልቆየሁ፣ አገኘሁ።

ጤና ጣቢያችን ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የምንለው ቤት አለ። ከሩቅ ቀበሌ ያሉ እርጉዞች መውለጃቸው ሲቃረብ ቀድመው መጥተው እዚያ ይቆያሉ። ከወንዙ ማዶ ላሉት ደግሞ ክረምት ላይ የግድ ነው። ዝናቡ ሲጠና ወንዙ ይሞላል፣ ምጥ ወንዝ እስኪጎድል አይጠብቅም። ችግሩ የማቆያው አልጋ ጥቂት መሆኑ ነበር። አንዳንዷ ገና ወር ሲቀራት መጥታ አልጋ ትይዛለች፤ ሌላዋ ቀኗ ደርሶ ስትመጣ ቦታ ታጣለች።

አዋላጇ ነርስ ከሌላ አገር ተመድባ መጥታ እዚሁ የከረመች፣ ቁጡ፣ ጠዋት ጠዋት የማያናግሯት ሴት ናት። እናቶቹን የምትጠራበት የራሷ ዘዴ ነበራት። “ነሐሴ ሲጋመስ ነይ፣ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ነይ፣ ዘመን ከመለወጡ በፊት ነይ” ትላቸዋለች። እነሱም ይመጣሉ። አንዳንዴ ይጨናነቃሉ እንጂ ይመጣሉ። ለእኔ ግን ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነበር።

ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። የእያንዳንዷን እናት የመውለጃ ቀን ኤክሴል ላይ እንደማስገባ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት መስመሯ ቀይ እንደሚሆን፣ እኔም ያን አይቼ እንደምደውል አስረዳሁ። “ማንም እናት ቀን መቁጠር አያስፈልጋትም” አልኩ። “ኮምፒዩተሩ ይቆጥርላታል። ሳይደወልላት ግን ማንም እንዳትመጣ።” አዋላጇ ስልክ የሌላትስ አለች። የጎረቤት ስልክ እንመዘግባለን አልኩ። ኔትወርክ ሲጠፋስ አለች። ደጋግሜ እደውላለሁ አልኩ። ኃላፊያችን ነገሩ በጣም ስላማረው ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር አጸደቀው፤ “ሳይደወልላችሁ እንዳትመጡ” የሚለው ቃል በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል በየመንደሩ ተነገረ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩ። ቀኖቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር በቁጥር አስገብቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቀራት ከሁለት ሳምንት በታች ከሆነ ቀይ ቀባ የሚለውን ፎርሙላ ስጽፍ፣ ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች የተሰጣ በርበሬ መሰለ። ለካ ኤክሴል ዛሬ ሲባል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ዛሬ ነው። የእኛን ቀን ሲያይ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ይመስለዋል። በእሱ ሒሳብ እናቶቻችን ሁሉ ከወለዱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ገብተዋል። ካርድ ክፍል ለምትሠራው ልጅ ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ግን ነደደኝ።

ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ ባስገባ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ማን ተቀምጦ አንድ በአንድ ይለውጣል? አቋራጭ ፈለግኩ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለውን ልዩነት በቀን አስልቼ ፎርሙላው ውስጥ ደመርኩት። ቀዩ ወዲያው ረገፈና ቀናቸው የደረሰ ጥቂት እናቶች ብቻ ቀልተው ቀሩ። ጥቂት ቀን ወዲያ ወዲህ ቢል አይጎዳም አልኩ። ለብዙዎቹ እውነትም አይጎዳም ነበር። ያን ዕለት ከወንበሬ ተነስቼ በክፍሏ ውስጥ ተንጎራደድኩ፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ወዲያው ግድግዳ ነካሁ እንጂ ብዙ እሄድ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ይቆጠቁጠው ነበር። ቀኖቹ በየሳጥናቸው ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግተው ሲቀመጡ፣ አንዳንዶቹ ለብቻቸው ወደ ግራ ተለጥፈዋል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አያምርም አልኩና ዓምዱን በሙሉ መርጬ ወደ መሀል አመጣሁት። ሰንጠረዡ አማረ።

ለወራት ሠራ። ጠዋት ኮምፒዩተሬን እከፍታለሁ፣ የቀላውን አያለሁ፣ እደውላለሁ። “ቀንሽ ደርሷል፣ ነይ” እላለሁ፤ ይመጣሉ። ባሎቻቸው በስልክ ይመርቁኛል። ከዞን የመጡ ሰዎች ስክሪኔን ፎቶ አንስተው ሄዱ፤ አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እንደ አንተ ያለ ወጣት ነው የሚያስፈልገን አለኝ። ያን ቅዳሜ ወልድያ ገብቼ ለእናቴም ለጎረቤትም አወራሁ። አዋላጇ ብቻ አንድ ቀን በሬ ላይ ቆማ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና “እናቶቹ እኮ ቀናቸውን መቁጠር ተዉ” አለች። እኔ ሞኙ ምስጋና መስሎኝ አመሰግናለሁ አልኳት።

ከዚያ ጳጉሜን ገባ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ ገለጥ ያለ ቀን ነበር። በግቢው በር በኩል የብዙ ወንዶች ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ከወንዙ ማዶ ካለ መንደር የቅሬው፣ የእድሩ፣ ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው እየገቡ ነበር። ሁሉም እስከ ወገባቸው ርሰዋል። ቃሬዛው ላይ ያለችው ሴት ጋቢ ተከናንባለች፤ ከሥሯ የሚንጠባጠበው የወንዝ ውኃ ብቻ አልነበረም። አዋላጇ አንድ ጊዜ አየችና ሰውን ሁሉ በክርኗ እየገፋች ወደ ማዋለጃው አስገባቻት።

ባልየው ደጅ ቀረ። ወጣት ገበሬ ነው፤ እግሩ በጭቃ ተለውሷል፣ አንድ ጫማውን ወንዙ ወስዶበታል። እኔን በጋወኔ ቆሜ ሲያየኝ ወደ እኔ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

“ዶክተር፣ አፉ በሉን፣ ይቅር በሉን፤ ዘገየን” አለኝ። “ደውላችሁ ነበር፣ አውቃለሁ። እናቴ ስልኩን ነካክታ ዘግታው ነው። እኔ ማሳ ነበርኩ። ውኃው ሳይሞላ እናምጣት ስል፣ ሳይደወል አትምጡ ተብሏል፣ አልጋ የለም ብለው ይመልሱናል አለች ሚስቴ። እናቴ ስልኩን ባትነካው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።”

አይዞህ ያልኩት ይመስለኛል። መደወል አለመደወሌን በዚያች ሰዓት እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ስሟን ግን እንዳልጠራሁ ሆዴ ነግሮኛል። ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

መስመሯን አገኘሁት። ነጭ ነው። የመውለጃ ቀኗ፣ ጳጉሜን ሦስት፣ በቁጥር 3/13 ተብሎ በሳጥኑ መሀል ላይ አምሮ ተቀምጧል። እላዩ ላይ አፍጥጬ ቆየሁ። ከዚያ ያን ወደ መሀል ያመጣሁበትን ትእዛዝ ሰረዝኩት። ሌሎቹ ቀኖች ሁሉ ወደ ቀኝ ሲመለሱ የእሷ ወደ ግራ ሄደች።

ያኔ ገባኝ። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስቀምጣል፣ ተራ ጽሑፍ ነው ያለውን ወደ ግራ። ለእሱ ዓመት ማለት ዐሥራ ሁለት ወር ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብለህ ስትጽፍለት ቀን መሆኑን አያምንም፤ እንደ ሰው ስም፣ እንደ ቀበሌ ስም ቆጥሮ ዳር ያስቀምጠዋል። እኔ በጽሑፍ ላይ ቀን ደምር ብዬዋለሁ። ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ፎርሙላ ቢሆን ስህተት ብሎ ያሳየኝ ነበር። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ግን ሒሳቡ ሲበላሽበት ዝም ነው የሚለው። አይቀባም፣ በቃ። ጳጉሜን ውስጥ የምትወልድ እናት እስከ ዕለተ ምጽአት ብትጠብቅ አትቀላም ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የምትወልድ አንዲትም እንዲሁ ወደ ግራ ተለጥፋ አገኘሁ። ሁለተኛው ወር በፈረንጆቹ ሠላሳ ቀን ስለሌለው እሷንም አልተቀበላትም። የእሷ ገና ነበር፣ ደረስኩላት። ጳጉሜን ላይ ሌላ እንዳለች ለማየት እስከ ታች ወርጄ ፈለግኩ። ሌላ አልነበረም። ተመስገን አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ባልኩት አፈርኩ፣ ያቺኛዋ በግድግዳው ማዶ ስታቃስት ይሰማኛልና።

ሰው ይሳሳታል፣ ይህን አውቃለሁ። የረሳሁት ግን ጳጉሜንን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በሩፋኤል ዝናብ ራቁቴን ወልድያ ሰፈር ውስጥ ስሯሯጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እናቴ ምጥ ለያዛት ሴት ሁሉ የምትሳለው ለሩፋኤል ነው፣ ቀኑም ጳጉሜን ሦስት። ያቺን ቀን በራሴ ጣት ጽፌአት፣ በዓይኔ አይቻት፣ አላምር ስላለችኝ አስተካክያት አለፍኩ። ፈረንጅ ቢረሳት ምን ይደረጋል፣ እኔ ምን ነካኝ?

ሕፃኗ በሕይወት ተወለደች። ሴት ናት። እናቲቱ ግን ደሟ አልቆም ስላለ በአምቡላንስ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ተወሰደች፤ ባሏ ባንድ እግሩ ጫማ ተከትሏት ገባ። አምቡላንሱ ከወጣ በኋላ ለአዋላጇና ለኃላፊያችን ያገኘሁትን ነገርኳቸው። አዋላጇ እጇን እየታጠበች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። “መቁጠር ተዉ ብዬህ ነበር” አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ኃላፊያችን መልካም ሰው ስለሆነ ሊያድነኝ ፈለገ። ሪፖርቱ ላይ የኔትወርክ ችግር ብለህ አስገባው አለኝ። በእኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም፣ ይህንም ቢጨምሩበት ቅር አይለውም። ሪፖርቱን እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት። ቃሬዛውን ያመጡት ሰዎች ግን እውነቱን ሳይሰሙ ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል።

ቅዳሜ ወልድያ ገባሁ፣ ወደ እናቴ ቤት ሳልሄድ ሆስፒታል ሄድኩ። ደም ተሰጥቷት ነቅታለች፣ ትተርፋለች ብለዋቸዋል። ባልየውን ያገኘሁት ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧ ሥር የሚስቱን ልብስ ሲያጥብ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ዶክተሩ ድረስ መጣልን አለ ለጎኑ ላለው ሰው። እዚያው ቆሜ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኩት። አልደወልኩም፣ ስልካችሁ ክፍትም ቢሆን አይጠራም ነበር፣ ኮምፒዩተሩ ጳጉሜንን አያውቅም አልኩት።

ልብሱን ጨመቀውና ትከሻው ላይ ጣለው።

“አንተስ?” አለኝ። “አንተም አታውቃትም?”

እስከዚያ ድረስ እናንተ ነበር የሚለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን የሚመታ ሰው አይደለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ውኃው ከልብሱ ወደ ጀርባው ይወርድ ነበር። ከዚያ “እናቴን ያልኳትን ብታውቅ” አለኝ። “ቃሬዛው ሲነሳ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሚስቴን ገደልሽብኝ ብያታለሁ። ሚስቴን ምጥ ሲይዛት፣ ሰሞኑን ስልኩ ጠርቶ ዘግቸዋለሁ ብላ ራሷ ነግራኝ ነበር። ያልተናገርኳት ነገር የለም። አሁን እህል አትቀምስም፣ ዝም ብላ ነው የምትውለው አሉኝ።” አፉን በመዳፉ ጠረገ። “አንተ ሄደህ ንገራት። እኔን አታምነኝም። አንተ የተማርክ ነህ፣ ታምንሃለች።”

በዚያው ሳምንት ሰንጠረዡን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ፣ የእኛንም ጎኑ ጽፌ። አዋላጇም ማሽላው ማሸት ሲጀምር ነይ ማለቷን መልሳ ጀመረች፤ እኔ የምደውለው እሷ ከነገረቻቸው በኋላ ነው። ወደ መንደሩ መሄዱን ግን አንድ ቀን፣ ሌላም ቀን አሳደርኩት። በዓል ነው አልኩ፣ ወንዙ አልጎደለም አልኩ። ወንዙ ጎድሎ ነበር።

መስከረም ውስጥ ከመርሳ ሚኒባስ ይዤ፣ ውርጌሳ ሳልደርስ አስፋልቱ ላይ ወርጄ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ሆኖ ነበር። መንደሩ ገብቼ ቤቱን ስጠይቅ ሁሉም ያውቀዋል፤ የቃሬዛዋ ቤት ይሉታል።

አሮጊቷን በር ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ማሾ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ዓይናቸው ገና ያልደከመ ሴት ናቸው። ከጤና ጣቢያ መሆኔን ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀምጠው ሊነሱ ሲሞክሩ ለመንኳቸውና ተቀመጡ።

“ልጅቱ ምን ሆነች?” አሉኝ።

“ደህና ናቸው እማማ። እናቲቱም ሕፃኗም ደህና ናቸው። ሰሞኑን ይመጣሉ።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። ሦስቴ አሉት።

ጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ በፌስታል ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ገና ነገሬን ሳልጀምር ጠራ። አሮጊቷ የተመቱ ያህል ደነገጡ፤ ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከጎረቤት አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ አነሳችው፣ አናገረች፣ መልሳ ሰቀለችው። ይህ ሁሉ የለመዱት ነገር መሆኑን ከአኳኋናቸው አወቅኩ። አሮጊቷ ተመልሰው ሲቀመጡ ለማሳበብ ያህል ጉንዳን በዛ አሉ።

“እማማ፣ ስለ ስልኩ ነው የመጣሁት” አልኩ። “እርስዎ ምንም አላጠፉም። ከእኛ ዘንድ አልተደወለም።”

“ኧረ ተደውሏል” አሉኝ ረጋ ብለው። “ዙህር ልሰግድ ቁሜ ሳለ ጠራ። ዝም ይበልልኝ ብየ ቀዩን ጫንኩት። ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ኸኔ በላይ ማን ያውቀዋል?”

“ያ ሌላ ሰው ይሆናል። የምደውለው እኔ ነኝ፣ አልደወልኩም።”

“ታዲያ ለምን ሳትደውል ቀረህ?”

ይህን ጥያቄ መንገድ ላይ ደጋግሜ መልሼው ነበር። ቀን የሚቆጥርልኝ ዕቃ አለ፣ ቀኗ ሲደርስ ቀይ ሆኖ ያሳየኛል፣ ጳጉሜንን ግን አያውቅም፣ ስለዚህ ሳያሳየኝ ቀረ አልኳቸው።

ማሾውን መልቀም አቆሙ። “ጳጉሜን የማያውቅ አለ እንዴ?”

“የፈረንጅ ሥራ ነው እማማ። ፈረንጆቹ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያላቸው።”

“ታዲያ በዚያ ሰሞን የት ይከርማሉ?”

ቀኖቹን በየወሩ ላይ እንደሚበትኗቸው ላስረዳ ሞከርኩ። ስጀምረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የሳቁት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ጎረቤቷ ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸው። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊቴን ልብ ብለው ተመለከቱት።

“አንተ ልጅ፣ ልጄ ነው የላከህ፣ አይደል?” አሉኝ።

“ንገራት ብሎኛል፤ ግን እውነቱን ነው…”

“አወቅኩት። የተናገረው ቆጭቶት ነው። አፉ በይኝ ለማለት አፍሮ አንተን ሰደደ። አፉ ብየዋለሁ በለው። እናት ምን ቂም ትይዛለች? እኔ ግን የሠራሁትን አውቃለሁ፣ አንተ አትልፋ።”

ከድንጋዩ ተነሳሁ። ከዚያ የበለጠ የማምልበት ነገር ስላጣሁ እሳቸው በሚያምኑበት ማልኩ። “ወላሂ እማማ፣ አልደወልኩም። ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩ።

ዓይናቸው ወደ አንገቴ ሄደ። ማዕተቤ ከሸሚዜ ኮሌታ በላይ ይታያል።

“ማዕተብ አስረህ ለኔ ብለህ ወላሂ አልክ?” አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። “እንዲህ ያለ ሰው አለ ለካ! አብሽር ልጄ፣ አብሽር። ከእንግዲህ እበላለሁ፣ ከልጄም ጋር እነጋገራለሁ። ሰው ለኔ ይሄን ያህል ከደከመ ምን ቀረኝ?”

እንደገና ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የምጨምረው እያንዳንዱ ቃል ደግነት ሆኖ ነው የሚሰማቸው። እዚያ የሄድኩት ያን ሸክም ከእሳቸው ላይ አንስቼ ልሸከም ነበር፤ እሳቸው ሸክሙን እንደያዙ እኔን አመስግነው ሊሸኙኝ ነው። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እሳቸው ግን ትሕትና አድርገው ሳይወስዱት አልቀሩም፤ ሐያእ ያለው፣ ይሉኝታ የሚያውቅ ልጅ ብለው ለጎረቤቷ ሲነግሯት ሰምቻለሁ።

ሰፌዱን ወደ ጎን አድርገው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ጎረቤቷም አጥሩ ማዶ እንደቆመች ዘረጋች።

“የእኔን ነውር እንደሸፈንክልኝ” አሉ አሮጊቷ፣ “አላህ ያንተን ነውር ይሸፍንልህ።”

እጃቸውን ሳይሰበስቡ ቆዩ። የሚጠብቁት እኔን ነበር። እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ።